ልብ አንጠልጣይ መጽሐፍ ላማራችሁ የጅማ አንባቢዎች

ክረምቱ ጠንክሯል። ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ሰውን ሁሉ ቤት እያስቀመጠ ነው። ለዚህ ይመስለኛል ሰሞኑን ከደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ «እንቅልፍ የሚያሳጣ መጽሐፍ ጠቁመን» የሚሉት። እጠቁማለሁ፤ ግን መስፈርቴን አስቀድሜ ልናገር። መጨረሻው ከታወቀ በኋላ የማይነበብ መጽሐፍ ለእኔ ደካማ ነው። ለመጨረሻዋ ገጽ ብሎ ሦስት መቶ ገጽ የሚያስፈጀኝን ደራሲ አልወድም።

«ዴርቶጋዳን ከነተከታዮቹ በተማሪነቴ እንቅልፍ አጥቼ ነው የጨረስኩት። ከዚያ ወዲህ እንደዚያ የያዘኝ የአማርኛ መጽሐፍ የለም። ምን ላንብብ?» መምህር፣ ከጂረን

የይስማዕከ ወርቁ ዴርቶጋዳ፣ ራማቶሓራና ዣንቶዣራ ንባብ ያስጀመሩት ወጣት ስፍር ቁጥር የለውም። አንተም አንዱ ነህ ማለት ነው። ፍጥነቱን ከወደድከው አሁን ወደ ኋላ ተመለስና የበዓሉ ግርማን ኦሮማይ ያዝ። ብዙ ሰው «የፖለቲካ መጽሐፍ ነው» ብሎ ይሸሸዋል። እኔ ግን በአማርኛ ከተጻፉት ልብ አንጠልጣዮች አንደኛ አደርገዋለሁ።

ጋዜጠኛው ፀጋዬ ኃይለማርያም እጮኛውን ሮማንን አዲስ አበባ ትቶ ደርግ ኤርትራ ውስጥ ላካሄደው የቀይ ኮከብ ዘመቻ ወደ አስመራ ይሄዳል። እዚያ ፊያሜታን ያገኛል። ከተማው ውስጥ ደግሞ ማን ለማን እንደሚሠራ አይታወቅም። ቡና አብሮህ የሚጠጣው ሰው ማታ የት እንደሚያድር አታውቅም። ፍቅሩም ስለላውም እኩል ይጎትትሃል። በዚያ ላይ የመጽሐፉ የራሱ ታሪክ አለ። በ1975 ዓ.ም. ታትሞ ወዲያው ከገበያ ተሰበሰበ፤ ደራሲው ከሥራው ተባረረ፤ የካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ አልተመለሰም። ይህን እያወቅክ ስታነበው አንዳንዷ ዓረፍተ ነገር ላይ «እንዴት ደፈረ?» ትላለህ። በ2025 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ ወጥቷልና የውጭ አገር ወዳጅ ካለህ ለእሱም ጠቁመው።

ኦሮማይን ከጨረስክ በኋላ ያገለገሉ መጻሕፍት የሚሸጡ ልጆች ጋ ጎራ ብለህ የማሞ ውድነህን የስለላ ትርጉሞች ጠይቅ። ሽፋናቸው የተላቀቀ ሊሆን ይችላል። ግድ የለም፣ ውሰዳቸው።

«ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ነኝ። እንግሊዝኛዬን በንባብ ላሻሽል ብዬ ነበር፤ ግን መዝገበ ቃላት ስገልጥ ታሪኩ ይጠፋብኛል። አዲስና ቀለል ያለ ካለ?»

አለ። የፍሪዳ ማክፋደን «ዘ ሃውስሜድ» ላንተ የተጻፈ ይመስላል። የወጣው በ2022 እ.ኤ.አ. ነው። ዓረፍተ ነገሮቹ አጫጭር ናቸው፤ ምዕራፎቹም እንደዚያው። ሚሊ የምትባል ከእስር የወጣች ሴት ሀብታም ቤት ሠራተኛ ሆና ትገባለች። የተሰጣት ክፍል ጣሪያ ሥር ነው፤ በሩ የሚቆለፈው ደግሞ ከውጭ ነው። ከዚህ በላይ አልነግርህም። ደራሲዋ ሐኪም ናት፤ ስሙም የብዕር ስሟ ነው። ፊልሙ በ2025 መጨረሻ ወጥቷል። እባክህ መጽሐፉን አስቀድም።

እውነቱን ልንገርህ፣ ትልቅ ሥነ ጽሑፍ አይደለም። እንግሊዝኛ ለሚለማመድ ሰው ግን ከትልቅ ሥነ ጽሑፍ ይልቅ የማይለቅ ታሪክ ይጠቅማል። የማታውቀው ቃል ሲገጥምህ እለፈው፤ ሁለተኛ ሲመጣ ይገባሃል፤ ሦስተኛ ላይ ካልገባህ ያኔ ግለጥ። ቀጥሎ የአሌክስ ሚካኤሊዲስን «ዘ ሳይለንት ፔሸንት» ሞክር። ባሏን አምስት ጥይት ተኩሳ ከገደለች በኋላ አንድ ቃል ያልተነፈሰች ሠዓሊና ሊያናግራት የቆረጠ የሥነ ልቦና ሐኪም ታሪክ ነው። ትንሽ ይከብዳል፤ ግን ትችለዋለህ።

«ባለቤቴ ቀድሞኝ ያነብና መጨረሻውን ይነግረኛል። ምን ላድርገው?»

መጽሐፉን አንቺ ቀድመሽ ያዢ። ካልሆነ ግን ሌላ ዘዴ አለ፤ ከመጀመሪያው ገጽ ገዳዩ የሚታወቅበትን መጽሐፍ አብራችሁ አንብቡ። የናይጄሪያዊቷ ኦይንካን ብሬይትዌይት «ማይ ሲስተር፣ ዘ ሲሪያል ኪለር» እንደዚያ ነው። ሌጎስ ውስጥ ታናሽ እህት ፍቅረኞቿን ትገድላለች፤ ታላቋ ደግሞ ደሙን ታጸዳለች። ማን ገደለ የሚባል ጥያቄ የለም። ጥያቄው ታላቋ እስከ መቼ ትችላለች የሚለው ነው። ቀጭን መጽሐፍ ስለሆነ ጅማ አውቶቡስ ላይ ከጀመርሽው አዲስ አበባ ሳትደርሺ ልታገባድጂው ትችያለሽ። ባልሽ እንዴት አድርጎ እንደሚያበላሽብሽ አያለሁ!

«ነርስ ነኝ፤ ደም ቀኑን ሙሉ አያለሁ። ደም የሌለበት፣ ግን የሚያስፈራ መጽሐፍ እፈልጋለሁ።»

እህቴ፣ ከላይ ያለውን የሌጎሱን መጽሐፍ እለፊው። ታላቋ እህት እንዳንቺው ነርስ ናት፤ ለማረፍ ብለሽ ሥራ ቦታሽ ትመለሻለሽ።

ላንቺ የሚሆነው የዳፍኒ ዱ ሞሪየ «ሬቤካ» ነው። በ1938 እ.ኤ.አ. የወጣ ነው፤ አዲስ ባለመሆኑ አትቀየሚኝ። ስሟ እስከ መጨረሻው የማይነገረን ወጣት ሴት ሚስቱ የሞተችበትን ባለጸጋ ታገባለች። ትልቁ ቤቱ ስትገባ የሞተችው ሚስት ከቤቱ አልወጣችም። መንፈስ አይደለም። ዕቃዋ፣ ልማዷ፣ የእጅ ጽሑፏ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ እሷን የምታመልካት የቤቱ አዛዥ አለች። ይህቺ አዛዥ ቢላ አታነሳም፤ በፀጥታ በር ላይ መቆሟ ብቻ ያስደነግጣል። አዲስ ሙሽራ ሆና አማት ቤት የገባች ሴት ይህን ፍርሃት ታውቀዋለች።

«ልጄ 14 ዓመቱ ነው። ስልኩን ትቶ የሚያነበው ነገር ይጠቁሙኝ።»

አባቴ፣ ሼርሎክ ሆምስን ይስጡት፤ ግን ከረጅሙ ልብወለድ አይጀምሩ። በ1892 እ.ኤ.አ. የታተመው የመጀመሪያው ስብስብ 12 አጫጭር ታሪኮች አሉት። ማታ ማታ አንድ ያንብብ። እርስዎም አብረው ያንብቡና ፍንጩን ማን ቀድሞ እንደሚያገኝ ተወራረዱ። እሱ የሚያሸንፍዎት ይመስለኛል።

«ልብ አንጠልጣይ መጻፍ እፈልጋለሁ። ግን ታሪኩ ጅማ ውስጥ ቢሆን ማን ያነብልኛል?»

እኔ። ትልቅ ከተማ ካልሆነ ወንጀል የለም ያለህ ማነው? የጄን ሃርፐርን «ዘ ድራይ» ፈልገህ አንብብ፤ በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣ የመጀመሪያ ልብወለዷ ነው። ድርቅ የመታት ትንሽ የአውስትራሊያ ገጠር ከተማ፣ ለቀብር የተመለሰ ፖሊስ፣ ሁሉም ሁሉን የሚያውቅበት ሰፈር። ፍርሃቱ ከዚህ ነው የሚመጣው። ገዳዩ እንግዳ ሰው ሊሆን አይችልም። ለቅሶ ላይ አብሮህ የተቀመጠው ነው።

አሁን ድርቁን በዝናብ ቀይረው። ቡና የሚለቀምበትን ወቅት አስብ፤ ገንዘብ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፣ እንግዳ ይበዛል፣ መጋዘን በሌሊት ይከፈታል። ሚዛን የሚይዘው ልጅ ያየውን አይናገርም። ሐሙስ ገበያ ሂርማታ ላይ አንድ ሰው ይጠፋል፤ ሺህ ሰው አይቶታል፣ የመሰከረ ግን የለም። ባጃጅ ነጂው ብቻ የት እንዳወረደው ያውቃል። እዚያ ጋ አቁምና ምዕራፉን ዝጋ። አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ሥር የተቀበረ ወርቅ ግን እንዳታመጣብኝ፤ የጥንት ሀብት ፍለጋ ሰልችቶኛል። ሟቹ ሰው ከመሞቱ በፊት ሰው መሆኑን አሳየን፤ ምን ይበላ እንደነበር፣ ከማን ብድር እንዳለበት። ለማናውቀው ሰው ልባችን አይንጠለጠልም።

«ሁሉም በቴሌግራም በፒዲኤፍ በነፃ አለ። ለምን ልግዛ?»

በሕይወት ያለ የአማርኛ ደራሲ ከሆነ ግዛ። አቅም ካጠረ ከጓደኛ ተዋስ፣ ለሦስት አዋጥታችሁ ግዙ። አንዱን መጽሐፍ በነፃ ወስደህ ቀጣዩን «መቼ ነው የሚወጣው?» ብለህ መጠየቅ አያምርም።

«የዳን ብራውን አዲሱ ወጥቷል?»

ወጥቷል፤ «ዘ ሲክሬት ኦቭ ሲክሬትስ» ይባላል፣ መስከረም 2025 እ.ኤ.አ.። ያው የቀድሞ መጽሐፎቹ ጀግና ፕሮፌሰር ላንግደን ነው፣ በዚህኛው ፕራግ ውስጥ ይሮጣል። ከ600 ገጽ በላይ ስለሆነ ፈተና ካለብህ ቆይተህ ጀምረው።