ከናፍቆት በስተቀር ደህና ነኝ

ባለፈው ቅዳሜ ጣና ዳር፣ ዋርካ ጥላ ሥር ቡና እየጠጣን ነበር። አንድ ከባሕር ዳር ፖሊ ቴክኒክ የተመረቀ ልጅ "ጋሼ፣ መስከረም መጨረሻ ላይ ለትምህርት ወደ ጀርመን መሄዴ ነው። ምን ይዤ ልሂድ?" አለኝ። ቪዛው ወጥቷል። እናቱ ሽሮውንም በርበሬውንም አዘጋጅታለች። ንጥር ቅቤም እያነጠረች ነው አለኝ።

ቅቤውን ተወው አልኩት። ከእኛ አገር ወደ አውሮፓ ኅብረት አገሮች ሥጋና የወተት ተዋጽኦ ይዞ መግባት አይፈቀድም። ቋንጣውም ያው ነው። የእናት ልፋት ኤርፖርት ላይ ቆሻሻ ውስጥ ሲጣል ቆሞ ማየት ከባድ ነው።

ተሰነባብተን ቤቴ ከገባሁ በኋላ ግን ዋናውን ነገር ሳልነግረው እንደቀረሁ ታወቀኝ። ስለዚህ ለእሱም፣ ዘንድሮ ለምትሄዱት ልጆቼም ሁሉ ይህን ልጻፍ።

እኔ የሄድኩት በ1987 ዓ.ም. ነው፤ የውኃ ምሕንድስና ለመማር። ያኔ ስልክ ውድ ስለነበር ከቤተሰብ ጋር የምንገናኘው በደብዳቤ ነበር። አጀማመሩን ታውቁታላችሁ። "እኔ ከእናንተ ናፍቆት በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን በጣም ደህና ነኝ።" ይህንን ሁለት ዓመት ሙሉ ጻፍኩ። ደህና አልነበርኩም።

መጀመሪያ የጎዳኝ ጨለማው ነው። ባሕር ዳር ላይ ክረምት ከበጋ ፀሐይ 12 ሰዓት ትንሽ አለፍ ሲል ትወጣለች፤ ማታም 12 ሰዓት አለፍ ሲል ትገባለች። በርሊን ላይ ግን ታኅሣሥ ሲመጣ በእኛ ሰዓት አቆጣጠር ከጠዋቱ 2 ካለፈ በኋላ ወጥታ 10 ሰዓት ሳይሞላ ትጠልቃለች። ክፍል ስትገቡ ጨለማ፣ ስትወጡም ጨለማ። ሰውነቴ ከበደኝ፤ ከአልጋ መነሳት አቃተኝ። ስንፍና መስሎኝ ራሴን ስወቅስ ከረምኩ። ብርሃን ማጣት የሰውን ስሜት እንደሚጥል ሐኪሞች በደንብ እንደሚያውቁት የሰማሁት በኋላ ነው። እናንተ ቀትር ላይ፣ ደመናም ቢሆን፣ ውጡና በእግራችሁ ሂዱ። ካልቀለላችሁ ሐኪም ጋ ሂዱ። ያለ ጤና መድን ዩኒቨርሲቲ ስለማትመዘገቡ ገንዘቡን እንደሆነ እየከፈላችሁ ነው።

እሑድ ሱቅ ዝግ ነው፤ አስቤዛችሁን ቅዳሜ ጨርሱ። ጎረቤት "ቡና ጠጡ" ብሎ አይጠራችሁም። ይህን ትለምዱታላችሁ።

አሁን የምነግራችሁን ግን ለብዙ ዓመት ለማንም አልተናገርኩትም። የመጀመሪያው ሴሚስተር አልቆ የሃይድሮሊክስ፣ የውኃ ፍሰት ትምህርት፣ ውጤት ተለጠፈ። ጣቴን በዝርዝሩ ላይ እያስኬድኩ ቁጥሬን አገኘሁ። ከጎኑ 4.0 ይላል። እኛ አገር አራት ነጥብ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። በዚያው ማታ "አራት አመጣሁ" ብዬ ጻፍኩ። ታናሽ እህቴ ደብዳቤውን ለእናቴ አነበበችላት። እናቴም ጎረቤቱን ሁሉ ጠርታ የዘጌ ቡና አፈላች። ይህን የነገሩኝ በመልሱ ደብዳቤ ነው።

መልሱ ሲደርሰኝ እውነቱን አውቄ ነበር። በጀርመን ከሁሉም የሚበልጠው 1.0 ነው። 5.0 መውደቅ ነው። 4.0 የማለፊያው የመጨረሻ ጠርዝ ነው። ለጥቂት ነው የተረፍኩት። በቀጣዩ ደብዳቤ ማስተካከል ነበረብኝ። አልቻልኩም። ቡናው ተጠጥቷል።

ከዚያ ወዲያ ለቤተሰቤ ጎበዙ ልጅ ሆንኩ። ጎበዝ ልጅ ደግሞ አልገባኝም አይልም። በቀጣዩ ዓመት አንድ ፈተና ወደቅኩ፤ ደግሜ ወሰድኩት፣ ደግሜ ወደቅኩ። በብዙ የጀርመን ዩኒቨርሲቲዎች አንድን ፈተና የምትወስዱት ቢበዛ ሦስት ጊዜ ነው። ሦስተኛው ላይ ከወደቃችሁ ከዚያ ትምህርት ትሰናበታላችሁ። አንድ ዕድል ብቻ ሲቀረኝ ነው መምህሩ ቢሮ ገብቼ "አልገባኝም" ያልኩት። ተማሪ የሚያነጋግሩበት ሰዓት በሩ ላይ ተለጥፎ ነበር። ዓመት ሙሉ በዚያ በር አልፌያለሁ። ሰውየው አልተቆጡኝም። ወረቀት ስበው ቧንቧ ሣሉ፤ ውኃው ከየት ተነስቶ የት ጉልበቱን እንደሚያጣ በእርሳስ እያሳዩ አስረዱኝ። ለአንድ ዓመት ያስጨነቀኝ ነገር በአንድ ከሰዓት በኋላ ተፈታ። እኛ ጋ መምህርን ደጋግሞ መጠየቅ ድፍረት ይመስላል። እዚያ ዝም ያለ ተማሪ ገብቶታል ተብሎ ይታለፋል።

እናንተ ዛሬ ስልክ በእጃችሁ ነው። እናታችሁ ፊታችሁን ታያለች። ግን የከሳችሁ ቀን ካሜራውን ታጠፉና "ኔትወርክ ነው" ትላላችሁ። እባካችሁ አታጥፉ። እናት እንድትጨነቅ ካልፈለጋችሁ ለታላቅ ወንድም፣ ለእህት ንገሩ። ቢያንስ አንድ ሰው እውነቱን ይወቅ። የገንዘቡንም ነገር እንዲሁ። በ2017 ዓ.ም. ለጀርመን የተማሪ ቪዛ በዝግ የባንክ ሂሳብ የሚያዘው ለዓመት 11,904 ዩሮ ነበር፤ የሚለቀቀውም በወር 992 ብቻ ነበር። ይህ በብር ሲመነዘር ለዘመድ ሀብት ይመስላል። ኪራዩንና መድኑን ቀንሳችሁ የሚተርፈውን በቁጥር ንገሯቸው። ሳይነገራቸው ሲቀር ነው የሚቀየሙት።

እኔ ለእናቴ የነገርኳት ተመርቄ ከተመለስኩ በኋላ ነው። ረከቦቱ ጋ ተቀምጣ ነበር። "እማዬ፣ ያ አራት ያልኩሽ..." ብዬ ሁሉንም ዘረገፍኩት። ቶናውን ቀድታ እስክትጨርስ ዝም አለች።

"አልፈህ ነበር ወይስ ወድቀህ?" አለችኝ።

"አልፌ ነበር።"

"ታዲያ ባልጠፋ ነገር ብቻህን ምን አስጨነቀህ?" አለችና ስኒዬን አቀበለችኝ።