የካሮት ቀለም በእንክብል፦ ከላቦራቶሪ ወይስ ከተክል?

ጥያቄ፦ የ54 ዓመት ሰው ነኝ፤ ሲጋራ አጨሳለሁ። ለዓይን ይጠቅማል ብለውኝ በቀን 25 ሚሊግራም ቤታ ካሮቲን (የካሮት ቀለም) መውሰድ ከጀመርኩ ሁለት ወር አልፎኛል። አሁን መዳፌ ቢጫ ሆኗል። እንክብሉ በላቦራቶሪ የተሠራ ስለሆነ ይሆን? ከተክል በተገኘው ልቀይረው?

መልስ፦ አይቀይሩት፤ ያቁሙት። ጥፋቱ ግን የላቦራቶሪው አይደለም።

መጀመሪያ በቀን ብርሃን መስታወት ፊት ቆመው የዓይንዎን ነጭ ክፍል ይመልከቱ። ነጭ ከሆነ መዳፍዎን ያቀለመው ቆዳው ውስጥ የተጠራቀመው ካሮቲን ነው፤ እንክብሉን ካቆሙ በሳምንታት ወይም በወራት ውስጥ ይለቃል። ዓይንዎም ቢጫ ከሆነ ወይም ሽንትዎ ከጠቆረ ግን የወፍ በሽታ ሊሆን ስለሚችል ዛሬውኑ ይታከሙ።

ቤታ ካሮቲን 40 ካርቦንና 56 ሃይድሮጅን አለው። በፋብሪካ ከሚሠራባቸው መንገዶች በአንዱ፣ ባለ 10 ካርቦን ቁራጭ በሁለቱም ጫፉ ባለ 15 ካርቦን ቁራጭ ይገጠምለታል። የሚወጣው ሞለኪውል ካሮት ውስጥ በብዛት ካለው ጋር አንድ ዓይነት ነው፤ አንጀት የመጣበትን አይጠይቅም።

ልዩነቱን የሚፈጥረው አቀራረቡ ነው። ካሮት ውስጥ ቀለሙ በሴል ግድግዳ ስለተከበበ አብዛኛው ሳይመጠጥ ያልፋል፤ ሰውነት ቤታ ካሮቲንን ወደ ቫይታሚን ኤ ይለውጠዋል፣ 1 ማይክሮግራም ቫይታሚን ኤ ለማግኘት ግን 12 ማይክሮግራም የካሮት ቤታ ካሮቲን ያስፈልጋል። በዘይት ለሟሟው እንክብል 2 ማይክሮግራም ይበቃል። ስለዚህ የእንክብል 25 ሚሊግራም ከካሮት 25 ሚሊግራም ጋር አይነጻጸርም።

ለአጫሽ አደጋው እዚህ ላይ ነው። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1994 በታተመ የፊንላንድ ጥናት፣ 29 ሺህ ከሚሆኑት አጫሽ ወንዶች መካከል በቀን 20 ሚሊግራም የወሰዱት ላይ የሳንባ ካንሰር ካልወሰዱት በ18 በመቶ በልጦ ተገኘ። አሜሪካ ውስጥ 30 ሚሊግራም ከቫይታሚን ኤ ጋር የተሰጠበት ጥናትም ጉዳት በማሳየቱ በ1996 ከጊዜው በፊት ተቋርጧል። ዋናው ማብራሪያ የሲጋራ ጭስ ካሮቲኑን ሳንባ ውስጥ ሰባብሮ ጎጂ ውጤቶች ይፈጥራል የሚል ነው። ጠርሙሱ ላይ «ተፈጥሯዊ» የሚል ቃል መጻፉ ከዚህ አያድንም፤ ሲጋራ ላቆሙም ቢሆን አልመክረውም። ካሮቱን ግን ቀቅለው፣ ጥቂት ዘይት ጨምረው ይብሉ፤ ምግቡ አልተከለከለም።

ስለ ዓይንዎ፣ ማኩላዎ (ጥርት አድርጎ የሚያየው የዓይን ውስጠኛ ሽፋን መካከለኛ ክፍል) በእርጅና መጎዳቱን የዓይን ሐኪም ካረጋገጠ፣ በቤታ ካሮቲን ፈንታ 10 ሚሊግራም ሉቲንና 2 ሚሊግራም ዚያዛንቲን (ሁለቱም የተክል ቀለሞች ናቸው) ያለበት ቅንብር አለ። ማኩላው ጤነኛ ከሆነ እሱም አያስፈልግም። ሌላ መልቲቫይታሚን የሚወስዱ ከሆነም ጀርባውን ያንብቡ፤ ቤታ ካሮቲን ብዙ ጊዜ እዚያም ይገባል።