«ነገ ይውሰዷቸው» ስንባል

ጥያቄ፦ የ81 ዓመቱ አባቴ የመርሳት ሕመም ከያዛቸው ቆይቷል። በሳንባ ምች ታመው ሆስፒታል ከተኙ ወዲህ ግን ሌሊቱን ሲቃዡ ያድራሉ፤ እኔንም መለየት ትተዋል። አሁን «ነገ ይውሰዷቸው» ተብያለሁ። ቀን ሥራ ስለምውል ቤት የሚጠብቃቸው ሰው የለም። ምን ባደርግ ይሻላል?
አንባቢ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

መልስ፦ ከሁሉ አስቀድመው፣ ይህ መቃዠት ሆስፒታል ከመግባታቸው በፊት ያልነበረ መሆኑን ለሐኪማቸው ይንገሩ። የመርሳት ሕመም ያለባቸው አረጋውያን በኢንፌክሽን፣ በመድኃኒት ወይም በእንቅልፍ እጦት ምክንያት ዴሊሪየም በሚባል ድንገተኛ የአእምሮ መታወክ ሊያዙ ይችላሉ፤ መንሥኤው ሲታከም ብዙ ጊዜ የሚሻል ቢሆንም፣ የወትሮ ሁኔታቸውን ለማያውቅ ሰው ነባሩ ሕመም የባሰ ሊመስለው ይችላል። ምርመራውም ሆስፒታሉ በነጻ በሚያቀርበው የሕክምና አስተርጓሚ አማካይነት እንዲሆን ይጠይቁ፤ «ዘመኑ ስንት ነው?» ተብለው በእኛ አቆጣጠር ቢመልሱ እንደ ስሕተት ሊቆጠርባቸው ይችላልና።

ቀጥሎ የመውጫውን ጉዳይ የያዘውን ኬዝ ማናጀር ያነጋግሩ። ብዙዎቻችን «አባቷን አልቀበልም አለች» መባልን ፈርተን «እንደምንም እንሆናለን» እንላለን፤ በመዝገቡ ላይ የሚሰፍረው ግን ቤተሰቡ እንደሚንከባከባቸው ነው። ስለዚህ ቀን ቤት ሰው እንደሌለ፣ ምድጃ ለኩሰው ቢረሱ ወይም በር ከፍተው ቢወጡ የሚደርስላቸው እንደማይኖር ሳያለሳልሱ ይናገሩ፤ እንዲጻፍም ይጠይቁ።

አባትዎ በሜዲኬር (በዋናነት 65 ዓመት ለሞላቸው በሚሰጠው የአሜሪካ መንግሥት የጤና መድን) የሚታከሙ ከሆነ፣ የተመዘገቡት በተኝቶ ታካሚነት ነው ወይስ ለክትትል ብቻ? ልዩነቱ ከባድ ነው። በመደበኛው ሜዲኬር፣ ከሆስፒታል በኋላ በነርሲንግ ሆም (የአረጋውያንና የሕሙማን መንከባከቢያ ተቋም) ለሚሰጥ የነርስ ወይም የማገገሚያ ሕክምና ክፍያ ለማግኘት የመውጫው ቀን ሳይቆጠር ቢያንስ 3 ተከታታይ ቀን በተኝቶ ታካሚነት መቆየት ያስፈልጋል፤ በክትትል ያደሩት ሌሊት አይቆጠርም። መስፈርቱ ከተሟላ የመጀመሪያዎቹ 20 ቀናት ሙሉ በሙሉ ይሸፈናሉ። ለዘለቄታው የሚጠብቃቸው ሰው ብቻ የሚያስፈልጋቸው ከሆነ ግን ሜዲኬር አይከፍልም፤ ያ ገቢያቸው አነስተኛ ለሆነ ሰዎች በተቋቋመው የመንግሥት የጤና መድን፣ በሜዲኬይድ፣ በኩል የሚታይ ነው።

በተኝቶ ታካሚነት ከተመዘገቡና መውጣታቸው ቸኩሏል ብለው ካመኑ፣ መብታቸውን የሚገልጸው የሜዲኬር ማስታወቂያ ላይ ወዳለው ስልክ በመውጫው ቀን ከእኩለ ሌሊት በፊት ደውለው ይግባኝ ይበሉ፤ ውሳኔው እስኪሰጥ ለተጨማሪው ቆይታ ከተለመደው የታካሚ ድርሻ በቀር አይከፍሉም።

የሚወጡበት ቀን ሲደርስ፣ ቤት ያሉትን መድኃኒቶች ይዘው ይሂዱና የትኛው እንደቆመ፣ የትኛው እንደተጨመረ ከነርሷ ጋር አንድ በአንድ ያስተያዩ።