«ተሽሎታል» ከማለትሽ በፊት ሊትሩን እይ

እህቴ፣ «ሕጻናት ጽኑ ሕሙማን ክፍል ተመድቤ እናቶች ሲያለቅሱብኝ የምለው ይጠፋኛል፣ ምን ልበል?» ብለሽ ጠይቀሻል። ካኑላውንና ፈሳሹን ታውቂዋለሽ፤ እሱን ትቼ ማንም የማይነግርሽን ልንገርሽ።

1. የሞኒተሩን ቁጥር ለብቻው አትንገሪ። በዚህ ክፍል ከሁሉም በላይ ዋጋ የሚያስከፍለው ስህተት ይሄ ነው። እናትየው ሌሊቱን ሙሉ ዓይኗን ከሞኒተሩ አትነቅልም። ጠዋት 88 የነበረው የደም ኦክስጅን ቁጥር ማታ 95 ሲሆን ተረኛዋ «ተሽሎታል» ትላለች። የሚሰጠው ኦክስጅን ግን በደቂቃ ከ1 ሊትር ወደ 4 ሊትር ከፍ ብሏል! ልጁ አልተሻለውም፤ እንዲያውም የሚፈልገው እርዳታ ጨምሯል። እናት ለአባት ትደውላለች፣ አባት ለአያት ይደውላል፣ ስለት ይሳላል። ሌሊት ነገሩ ሲገለበጥ «ማታ ተሽሎት አልነበር? ምን ሰጣችሁት?» ይመጣል። አስታማሚ ተቆጣ፣ ጥበቃ ተጠራ የሚባለው ጠብ ብዙ ጊዜ መነሻው ያች አንዲት ቃል ናት። ስለዚህ እንዲህ በይ፦ «ቁጥሩ 95 ነው። ግን ጠዋት በ1 ሊትር ነበር፣ አሁን 4 ሊትር ይፈልጋል፤ ሲተነፍስ ደረቱ አሁንም ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። ገና ያሰጋናል።» ርክክብ ስታደርጊ ደግሞ «ለቤተሰብ የተነገረ» ብለሽ አንድ መስመር ጻፊ፤ ቀጣዩ ተረኛ ሌላ ነገር እንዳይነግራቸው። እግሩ ሲቀዘቅዝ ወይም ገመዱ ሲንሸራተት ማሽኑ እንደሚጮህም አስቀድመሽ አሳውቂያት። አለበለዚያ በጮኸ ቁጥር ልጇ የሞተ ይመስላታል።

2. «የ4 ቁጥር አስታማሚ!» ብለሽ አትጥሪ። «የአቤል እናት» በይ፤ ምንም አያስወጣሽም።

3. ከጀርባ ፈሳሽ ይወሰድ ሲባል እምቢ ካሉ «ፈርሙ ወይ ውጡ» የሚለውን የአንዳንዱን ሰው ወግ አትውረሺ። የሚፈሩት ልጁ ሽባ ይሆናል ብለው ነው። መርፌው የሚገባው ህብለ ሰረሰር ካለቀበት በታች እንደሆነ በራስሽ ወገብ ላይ አሳያት፤ የሚወሰደው ጥቂት ጠብታ መሆኑን፣ ማጅራት ገትር ከሆነ መድኃኒቱ የሚመረጠው በዚያ መሆኑን ንገሪያት። አባትየው ይምጣ ካለች በስልክ ራስሽ አስረጂው። ኦክስጅንም እንደዚሁ ነው፤ «የመጨረሻው ነው» ብለው ቱቦውን የሚነቅሉ አሉ። ከመሰካትሽ በፊት ለምን እንደሆነ ተናገሪ። ጸበል ወይም ዘምዘም ይዘው ሲመጡም አትቆጪ። በአፉ ከሆነ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል፤ ግንባሩንና እጁን መቀባት ግን ማንንም አይጎዳም። ያልተጠመቀ ሕፃን ከሆነና አርባው ወይም ሰማንያው ሳይደርስ ካሰጋ፣ ቄስ እንዲገባ መንገዱን ክፈቺ። «ሩህሩህ፣ አክባሪ እና ተንከባካቢ» የሚለው ጽሑፍ ከ2008 ዓ.ም. የጤናው ዘርፍ የትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ጀምሮ ከአፋችን አይጠፋም፤ በር ላይ ቄሱን የሚመልሰው ግን ያው ዘበኛ ነው። የመግቢያ ወረቀት ጽፈሽ ስጪው እንጂ አትከራከሪው።

ለእናትየው ሥራ ስጫት። የምታጠባ ከሆነች በየ3 ሰዓቱ፣ ሌሊትም ጭምር፣ በቀንና በሌሊት 8 ጊዜ ትለብ። ልጁ የሚመገበው በአፍንጫው ወደ ሆዱ በገባ ቱቦ ከሆነ፣ ቱቦው ቦታው መሆኑን አንቺ ካረጋገጥሽ በኋላ መግፊያው የወጣለትን ስሪንጅ ከፍ አድርጋ ትያዝ፤ ወተቱ በራሱ ይውረድ፣ አይገፋም። ከንፈሩን ታርጥብለት። እጇ ሥራ የያዘ እናት የምትነግሪያትን ትሰማለች።

ከባዱ ቃል ሲመጣ ኮሪደር ላይ አይሁን፤ ሐኪሙና አንቺ አብራችሁ ግቡ፣ ተቀመጡ። መጀመሪያ «እስካሁን ምን ተነገራችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። ከዚያ «አረፈ» እንዳትዪ! ሦስት ቀን ሲያቃስት ለሰነበተ ልጅ እናት «አረፈ» ማለት ሕመሙ ለቀቀው፣ ተኛ ማለት ሊሆን ይችላል፤ ተመስገን ብላ ፈገግ ስትል ማን ያርማታል? «አልተቻለም»ም ያው ነው። «ሕይወቱ አልፏል» በይና ዝም በይ። መርዶ ለብቻ አይነገርም፤ ዘመድ እስኪመጣ ከጎኗ ሰው ይቀመጥ። ዘመዱን በስልክ ስትጠሪ «ቶሎ ድረሱ፣ ብቻዋን ናት» ይበቃል።

የፖሊስ ጉዳይ ካልሆነ ቱቦውንና ፕላስተሩን ንቀይ፣ ፊቱን ጥረጊ፣ በነጠላዋ ጠቅልለሽ ታቅፈው። ወደ ሬሳ ክፍል የሚጣደፍብሽን አስቁሚ። የሞት ማስረጃውን ሐኪሙ ከክፍሉ ሳይወጣ አስጽፊ፤ ሙስሊም ቤተሰብ በዚያው ቀን መቅበር ይፈልጋል። የሂሳብ መስኮቱ «መጀመሪያ ክፈሉ» ማለቱ አይቀርም። ቤተሰቡን አትላኪ፤ የጤና መድህን መታወቂያውንና የሪፈር ወረቀቱን ይዘሽ አንቺ ሂጂ፣ ወይም ሶሻል ወርከር ካለ እሱ ይሂድ። ልጁን ያጣ ሰው እንኳን ከመስኮቱ ጋር መከራከር፣ የራሱን ስም መናገርም ያቅተዋል።

ሳይሄዱ ደግሞ ስለ ጡቷ ንገሪያት፤ ይሄን ሁሉም ይረሳዋል። በየ3 ሰዓቱ እንድታልብ ያደረግናት እኛ ነን፤ ቤት ስትገባ ወተቱ አይቆምም። በአንዴ አታቁም። ሲወጥራት ውጥረቱ እስኪቀልላት ብቻ ትለብ፣ ሰዓቱን ቀስ በቀስ ታራርቀው፣ በቀዝቃዛ ውሃ የተነከረ ጨርቅ ታድርግበት። ቀልቶ ካበጠ ወይም ትኩሳት ከመጣ ጤና ጣቢያ ትሂድ። ለእሷ ብቻ ሳይሆን አብራት ለምትሄደው እህቷም ንገሪ፤ እናትየው በዚያ ሰዓት አትይዘውም።