መልስ፦ የአረር መጭመቂያ ዳይና ፓንች እንዳይዝግ

ወንድም፣ «ዳይና ፓንቾቹን (ለአረሩ ቅርጽ የሚሰጠውን ቀዳዳ ያለው ብረትና ቀዳዳው ውስጥ ገብተው እርሳሱን የሚጫኑትን ዘንጎች) ዘይት ቀብቼ በላስቲክ ከረጢት ቋጥሬ ለወራት ብተዋቸው ይዝጋሉ ወይ?» ላልከው፣ ዘይቱ ጥሩ ነው፤ ከረጢቱ ግን ውስጡ የቀረውን እርጥበት አፍኖ ይይዛል። እርጥበት የሚመጥ ሲሊካ ጄል ጨምርበት።

ዋናው ሥራ ከዘይቱ በፊት ያለው ነው። በመጭመቂያው ቅባት ላይ የእርሳስ ብናኝ ተጣብቆ ይቀራል። የእጅ ላብም ጨው ስላለው፣ የተወለወለ ብረት ላይ የጣትህን አሻራ በዝገት ተስሎ ታገኘዋለህ። በላምባ እጠብ፣ ክር በማይጥል ጨርቅ አድርቅ፣ ከዚያ በባዶ እጅ ሳትነካ ስስ ዘይት ቀባ፤ የዳዩን ቀዳዳ ውስጡንም ጭምር። ጓንት ማድረጉ ለአንተም ይጠቅማል፣ እርሳስ መርዝ ነው።

እውነቱን ለመናገር እኔ ከዝገት ይልቅ የምፈራው ግጭትን ነው። ስስ ዝገት በጊዜ ከተደረሰበት ይጠረጋል። የፓንቹ ጠርዝ ግን መሳቢያ ውስጥ ሲንከባለል ትንሽ ከተሸረፈ፣ ሽራፊው በምትጨምቀው አረር ሁሉ ላይ ይታተማል፤ ዳዩንም ሊጭረው ይችላል። እያንዳንዱን ለየብቻ ጠቅልል፤ ተለክተው የተሠሩ ጥንዶችን ግን አታለያይ። ፓንቹን ዳዩ ውስጥ ሰክተህ አትተው። የኦክ እንጨት ሳጥን ያምራል፣ ግን ብረት የሚበላ አሲድ ስለሚተን ይቅርብህ።

ከቀዝቃዛ ክፍል ወደ ሙቅ ስታመጣቸው ሳጥኑን ቶሎ አትክፈት፤ ጤዛ ይይዛቸዋል። ሥራ ስትጀምርም የማስቀመጫ ዘይቱን ከቀዳዳው ጠርገህ አውጣ፤ ፈሳሽ ስለማይታመቅ የተረፈው ዘይት አረሩን ያጎደጉደዋል።