ከደንገጎ ዳገት ሥር ለምታድጉ ልጆች

ልጆቼ፣ ከድሬ ወደ ሐረር ስትወጡ ሚኒባሱ መጠማዘዝ ሲጀምር ስልካችሁን አስቀምጡና በመስኮት እዩ። ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ዳገቱን ጨርሳችሁ ሐረማያ ስትደርሱ 2,000 ሜትር አካባቢ ናችሁ። ይህን የ800 ሜትር ልዩነት ምን ሠራው? ዕድሜዬን በሥነ ምድር ሙያ ያሳለፍኩ ሰው ነኝና ልንገራችሁ።

እላይ ዳገቱ ላይ የምታዩት የኖራ ድንጋይ ታች ድሬም አለ። ድሮ አንድ ንጣፍ ነበር። ተሰንጥቆ የድሬ ወገን ቁልቁል ወረደ። የወረደውም በአንድ ስንጥቅ አይደለም፤ ደረጃ በደረጃ በተደረደሩ ብዙ ስንጥቆች ነው። እኛ ፎልት እንላቸዋለን።

ፎልት ሁልጊዜ አይንሸራተትም። ሁለቱ ወገኖች በሰበቃ ተያይዘው ይቆያሉ። መሬቱ ግን በዓመት ጥቂት ሚሊ ሜትር መሳቡን አይተውም፤ አለቱ እየተወጠረ ይሄዳል። ነገሩ ዕቁብ ይመስላል። መዋጮው በየጊዜው ይገባል፣ ዕጣው መቼ እንደሚወጣ ግን አይታወቅም። ሲወጣ የብዙ መቶ ወይም የብዙ ሺህ ዓመቱ በሴኮንዶች ውስጥ ይወጣል። በሬክተር ስኬል 7 አካባቢ የሚለካ መንቀጥቀጥ ፎልቱን ከ1 እስከ 2 ሜትር ገደማ ያንሸራትታል። 5 የሚለካው የሚለቀው ጉልበት ከዚያ አንድ ሺህ ጊዜ ያህል ያንሳል። ስለዚህ ትንንሾቹ ምንም ቢበዙ ዋናውን ሥራ የሚሠሩት ትልልቆቹ ናቸው።

እስቲ አብረን እናስላ። በአንድ ትልቅ መንቀጥቀጥ 1 ሜትር ቢወርድ፣ ለ800 ሜትር 800 ያስፈልጋሉ። ዳገታችን ጠርዙ የሆነው የአፋር ምድር መከፈት ከጀመረ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ሆኖታል። አካፍሉት፤ በአማካይ በየ37,500 ዓመቱ አንድ ማለት ነው። ስሌቱ ሻካራ ነው። ጎርፍ የሸረሸረው አለ፣ ፎልቶቹም ብዙ ናቸው። ቢሆንም የጊዜውን ስፋት ያሳያችኋል። የአሚር ኑር የጀጎል ግንብ ገና 500 ዓመት አልሞላውም። ድሬዳዋ ራሷ ከባቡሩ ጋር ከተቆረቆረች ከ120 ዓመት ብዙ አላለፋትም። «እኛ ጋ እኮ ትልቅ ነገር ተከስቶ አያውቅም» የሚለኝ ወጣት ብዙ ነው። በማን ዕድሜ ለክቶ ነው?

አማካይ ቁጥርም ቢሆን ቀጠሮ አይደለም። ካሊፎርኒያ ውስጥ ፓርክፊልድ የሚባል ቦታ አለ። እዚያ 6 አካባቢ የሚለካ መንቀጥቀጥ ከእ.ኤ.አ. 1857 እስከ 1966 በአማካይ በየ22 ዓመቱ ይመጣ ነበር። ባለሙያዎች ቀጣዩ ከ1993 አያልፍም ብለው መሣሪያ ደርድረው ጠበቁ። የመጣው በ2004 ነው።

የራሳችንን እዩ። በመስከረም 1998 ዓ.ም. አፋር ውስጥ ዳባሁ አካባቢ 60 ኪሎ ሜትር የሚሆን መሬት በቀናት ውስጥ ተከፈተ፤ በአንዳንድ ቦታ እስከ 8 ሜትር። ከሥር ቅልጥ አለት ገብቶበት ነው። አካባቢው በዓመት 2 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይለያያል፤ ስለዚህ 8 ሜትር የ400 ዓመት ጥርቅም ነው። በ2017 ዓ.ም. ፈንታሌና ዶፈን አካባቢ የሆነውን መንቀጥቀጥ ደግሞ ራሳችሁ ታስታውሳላችሁ። ዛሬ እንቅስቃሴው የሚበዛው እዚያ፣ በስምጥ ሸለቆው ወገብ ላይ ነው። በ1953 ዓ.ም. ማጀቴን ያፈረሰው የካራ ቆሬ መንቀጥቀጥ ግን የመጣው እንደኛው ዳገት ሥር ነው።

በዚህ ሙያ አንጀቴን የሚበላኝ ሳይጻፍ የሚቀረው ነገር ነው። ሪድ የተባለው አሜሪካዊ ከ1906ቱ የሳንፍራንሲስኮ መንቀጥቀጥ በኋላ አለት እንዴት ተወጥሮ እንደሚለቅ ማስረዳት የቻለው ከሱ በፊት የነበሩ ቀያሾች ልኬታቸውን በጥንቃቄ ስላስቀመጡለት ነው። እነሱ ለምን እንደሚጠቅም አያውቁም ነበር። እኛም አገር አባ ፒየር ጉዋን የአዲስ አበባውን የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ ከመሠረቱ በኋላ የድሮውን መንቀጥቀጥ ከዜና መዋዕልና ከተጓዦች ማስታወሻ ለቅመዋል። አንድ መነኩሴ በሁለት መስመር የጻፈው ነገር ዛሬ ማስረጃ ነው። ስለዚህ ቤታችሁ ሲነቃነቅ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ሰፈሩን፣ ምን እንደወደቀ ጻፉ። አያቶቻችሁንም ጠይቁ፤ ያሉትን ሳታሳምሩ እንዳለ አስፍሩት።

ነገ ደግሞ ቤት የምትሠሩት እናንተው ናችሁ። በደቻቱ ወንዝ ዳርቻ ያለው ደለል ከአለት ይልቅ ንቅናቄን ያጎላል፤ መሠረት ሲቆፈር አፈሩን አስመርምሩ። ምድር ቤቱን ለሱቅ ብላችሁ ግድግዳ አልባ ስታደርጉት ፎቁን በሙሉ የሚሸከሙት ምሰሶዎቹ፣ ማለትም ኮለኖቹ ብቻ ናቸውና መሐንዲሱን በደንብ ጠይቁት። ኮንክሪት ከመሞላቱ በፊት ሄዳችሁ ስታፋውን፣ ማለትም የቆሙትን ፌሮዎች ዙሪያቸውን የሚያስረውን ቀለበት ብረት እዩ፤ በተለይ ኮለኑ ከቢሙ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ጠበቅ ጠበቅ ብሎ መታሰር አለበት። ፎርማኑ «ይሄ ለድሬ አያስፈልግም» ካላችሁ፣ ፌሮው በፕላኑ መሠረት እስኪታሰር ሙሌቱን አስቁሙ።