መልስ፦ ከእንስሳት ቆዳ ነጻ የሆነ ጫማ ከሱቅ ወይስ በኢንተርኔት?

ከእንስሳት ቆዳ ነጻ የሆነ የሥራ ጫማ ከከተማ ሱቅ መግዛት ይሻላል ወይስ በኢንተርኔት ማዘዝ ብለው ላነሱት ጥያቄ፣ የመጀመሪያውን ጫማ ከሱቅ እንዲገዙ እመክርዎታለሁ። ሰው ሠራሽ ቆዳ እንደ እንስሳ ቆዳ ከእግር ጋር እየሰፋ ስለማይሄድ፣ በመጀመሪያው ቀን የጠበበ ጫማ ከወራት በኋላም እንደጠበበ ሊቀር ይችላል፤ ስለዚህ እግር በሚያብጥበት በምሽት ሰዓት መለካቱ ይመረጣል።

ሱቅ ውስጥ የቁስ ምልክቱን ይፈልጉ። በአውሮፓ ኅብረት ገበያ፣ እ.ኤ.አ. በ1994 በወጣው መመሪያ መሠረት፣ የላይኛው ክፍል፣ የገበሩና የሶሉ ዋና ቁስ በጫማው ላይ ይገለጻል፤ የተዘረጋ ቆዳ ምስል ቆዳን፣ የተጠላለፈ መረብ ጨርቅን፣ ባዶ የአልማዝ ቅርጽ ደግሞ ሌላ ቁስን ያመለክታል። ምልክቱ ስለ ማጣበቂያው ግን ምንም አይናገርም። ሙጫ ከእንስሳት አጥንትና ቆዳ ሊሠራ ስለሚችል፣ ይህ በእውነት ለሚያሳስበው ሰው አምራቹን በጽሑፍ ከመጠየቅ የተሻለ መንገድ የለም፤ እኔም ሻጭ በቃል የሚሰጠኝን ማረጋገጫ ብቻ ይዤ አልገዛም።

በኢንተርኔት ሲያዝዙ ምርጫው ይሰፋል፤ ከአናናስ ቅጠል ክር የተሠራ ቁስ እንኳ ይገኛል። ሆኖም «ስዌድ» እና «ኑቡክ» የሚባሉት፣ ሰው ሠራሽ መሆናቸው በግልጽ ካልተጻፈ በቀር፣ የእንስሳ ቆዳ መሆናቸውን አይዘንጉ። የመመለሻ ደንቡንና የመላኪያውን ወጪ ማን እንደሚሸፍን ሳያነብቡ አይክፈሉ። በጣም በረከሰ ዋጋ የቀረበ አሮጌ ክምችት ካጋጠመዎትም ይጠንቀቁ፤ ፖሊዩሬቴን ከተባለ የፕላስቲክ ዓይነት የተሠራ ሶል ሳይለበስ ቢቀመጥም እንኳ በአየር እርጥበት ምክንያት ከዓመታት በኋላ ሊፈረፈር ይችላል።